መጽሐፉ ከቁምሳጥን ይውጣ፦ ከልጆች ጋር ማንበብ በሮቤ፣ በጎባና በባሌ ደጋ

ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ልጁ 2ኛ ወይም 3ኛ ክፍል ከሆነ የቋንቋ መጽሐፉን አውጡና አስተማሪው ገና ያልደረሱበትን ገጽ አስነብቡት። የተማረውን ገጽ ከሰጣችሁት ነገሩ አይለይላችሁም፤ ብዙ ልጆች ክፍል ውስጥ የሰሙትን በቃላቸው ይዘው የሚያነቡ ይመስላሉ። ጣቱ ቃሉ ላይ ነው፣ ዓይኑ ግን ጣሪያው ላይ።

ካነበበ ደስ ይላል። ካላነበበ ግን አትጩኹበት፣ ብቻውን አይደለም። በ2002 ዓ.ም መጨረሻ ኦሮሚያን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች ልጆች በየመማሪያ ቋንቋቸው የንባብ ፈተና ተሰጥቷቸው ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተፈታኞች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። አንድም! የዓለም ባንክም ከዚያ በኋላ ባወጣው ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ 10 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም ይላል።

ከዚያ ፈተና በኋላ ዝም አልተባለም። በአሜሪካ እርዳታ አፋን ኦሮሞንና አማርኛን ጨምሮ በ7 ቋንቋዎች የንባብ መማሪያ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጁ፣ መምህራንም ሠለጠኑ። ያ ድርጅት፣ ዩኤስኤይድ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘጋ። እንግዲህ ከውጭ የሚመጣውን መጠበቅ የሚያዋጣ አይመስለንም። የቀረው በእጃችን ያለው ነው፦ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለችው ጥቂት መጽሐፍ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው፣ እና አሁን ይህን የምታነቡበት ስልክ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

መጽሐፉ አለ፣ ግን ተቆልፎበታል

ልጆች ለምን አያነቡም ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን መልስ "መጽሐፍ የለም" ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የልጆች መጽሐፍ የሚያሳትሙትም የሚሸጡትም በብዛት ያሉት እዚያው ሸገር ነው። በ2014 ዓ.ም የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቢያምርም ለአጋርፋ ልጅ በቴሌቪዥን የሚታይ ሕንፃ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ብዙ አይወራም። በእርዳታም ይሁን በመዋጮ የመጣ የተረት መጽሐፍ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲደርስ ንብረት ይሆናል። በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፣ ሲወጣም በሞዴል 22 ነው፣ በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል። ከጠፋ ወይም ከተቀደደ "የት ደረሰ?" የሚባለው ያ ሰው ነው። ስለዚህ ቁምሳጥን ውስጥ ይገባና ይቆለፍበታል። ከ5 ዓመት በኋላ ስታዩት ጠርዙ አልታጠፈም፣ ቀለሙ አልደበዘዘም፣ የሕፃን ጣት አልነካውም። ቆጠራ ለሚያደርገው ሰው ደስ ይላል። ያነበበው ልጅ ግን የለም።

አስተማሪዎቹን መውቀስ ቀላል ነው፣ እኛ ግን አንወቅስም። ከደሞዜ ይቆረጣል ብሎ የሚፈራ ሰው ቢጠነቀቅ ምን ይገርማል? የሚስተካከለው አሠራሩ ነው። ቾክ በአላቂ ዕቃ ነው የሚመዘገበው፤ ቾክ አለቀ ተብሎ ማንም አይጠየቅም። ባለ 16 ገጽ የልጆች መጽሐፍም በ30 እጅ ካለፈ ያልቃል፣ ማለቅም አለበት። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ "ከተረት መጻሕፍቱ በዓመት ይህን ያህል ቢያልቁ ማንም በግሉ አይጠየቅም" ብሎ ቃለ ጉባኤ ቢይዝ ከአንድ ካርቶን አዲስ መጽሐፍ ይበልጣል ብለን እናምናለን። አንድ ገጽ ወረቀት ናት፣ ግን አስተማሪዋ ቁልፉን የምታወጣው በሷ ነው።

ማደል ብቻውን ለምን አይበቃም?

እዚህ ላይ ከጎረቤት ኬንያ የመጣ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በምዕራብ ኬንያ ገጠር ለተመረጡ ትምህርት ቤቶች መማሪያ መጻሕፍት በነፃ ታደሉ፤ ከዚያ መጽሐፍ ካልደረሳቸው ትምህርት ቤቶች ጋር ውጤታቸው ተነጻጸረ። የልጆቹ አማካይ ውጤት ከፍ አላለም። የተጠቀሙት ድሮም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈበት እንግሊዝኛ ለአብዛኛው ልጅ ይከብዳል። ማንበብ የማይችል ልጅ መጽሐፍ ስለተሰጠው አያነብም።

አሁን ደግሞ ወደ ፊጂ እንሂድ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴቶች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች ለ8 የገጠር ትምህርት ቤቶች ለእያንዳንዳቸው 250 ሥዕል ያላቸው የተረት መጻሕፍት ሰጡ። እነዚህም በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ለልጆቹም ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? አንደኛ፣ መጻሕፍቱ ታሪክ ናቸው፤ ልጅ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ልጆቹ እጅ በየቀኑ ይገባል። በተወሰኑት ትምህርት ቤቶች ደግሞ አስተማሪው መጽሐፉን ከፊት ይዞ ከልጆቹ ጋር አብሮ ያነብ፣ ያወያይ ነበር። በ8 ወር ውስጥ ልጆቹ በንባብ የተራመዱት ከተለመደው ፍጥነት እጥፍ ነው።

እኛ ከሁለቱ የወሰድነው ይህን ነው፦ መጽሐፍ ለልጅ የሚሠራው ሰው አብሮት ሲከፍተው ነው።

አንድ መጽሐፍ፣ 60 ልጅ

"እሺ፣ ግን ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ አለ፣ መጽሐፉ አንድ ነው" የሚል አስተማሪ ትክክል ነው። ግን ይቻላል። ከእናንተ መካከል የሮቤ መምህራን ኮሌጅ ወይም የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካላችሁ ለልምምድ ክፍል ስትገቡ ሞክሩት።

ከመግባታችሁ በፊት ታሪኩን ለራሳችሁ ጮክ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ይህን የሚዘል ሰው ክፍል ውስጥ ይደናቀፋል፤ አንባቢው ሲደናቀፍ ደግሞ ከኋላ ያሉት ወዲያው ማውራት ይጀምራሉ። ከዚያ ሽፋኑን ብቻ አሳዩና "ይህ ታሪክ ስለ ምን ይመስላችኋል?" በሏቸው። መልሱ ልክ ይሁን ስህተት ለጊዜው ግድ የለም፤ የገመተ ልጅ ግምቱ ልክ መሆኑን ለማየት ጆሮውን ይሰጣል። እያነበባችሁ በወንበሮቹ መካከል ሂዱ፣ ሥዕሉ ከኋላ ላሉት ካልታየ ዋናውን ነገር በቾክ ሰሌዳው ላይ ሳሉት። ሥዕል አልችልም አትበሉ፣ ልጆቹ አህያችሁ ውሻ ቢመስል ይስቃሉ እንጂ አይከሱአችሁም።

ታሪኩ ሊያልቅ ሲል አቁሙ። "አሁን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?" በነጋታው ያንኑ መጽሐፍ ድገሙት። ትልልቅ ሰዎችን ይሰለቸናል፣ ልጅ ግን የሚያውቀውን ታሪክ መስማት ይወዳል፤ በሦስተኛው ቀን ተደጋጋሚውን ዓረፍተ ነገር አብሯችሁ ይላል። ያኔ ነው ያንን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፎ እያንዳንዱን ቃል በጣት መጠቆም። ልጁ አፉ ላይ ያለውን ነገር በጽሑፍ ያያል። ፊደል ከትርጉም ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው።

አብሮ ጮክ ብሎ መማር ለባሌ አዲስ አይደለም። ቁርዓን ቤት ሉህ ይዞ በቡድን የሚቀራው ልጅም፣ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረውም ያውቀዋል። የሚጨመረው ጥያቄው ነው። እዚያ ተማሪው የሚመዘነው ባለመሳሳቱ ነው፤ የተረት መጽሐፍ ላይ ግን "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" የሚለው ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ የለውም። አንዳንድ ልጅ ይህን ሲጠየቅ መጀመሪያ ዝም ይላል። ጠብቁት።

ወደ ቤት ለመላክ ደግሞ አንድ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ የልጁ ስም፣ የመጽሐፉ ስም፣ ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም። የክፍል አለቃው ይይዘዋል። ዓርብ ወጥቶ ሰኞ ይመለስ። እና እባካችሁ ፌስታል አትርሱ፤ ባሌ ደጋ ዝናቡ በዓመት ሁለት ወቅት ነው፣ የጎባ ጭቃ ደግሞ ለወረቀት አይራራም።

እናትና አባት ማንበብ ባይችሉስ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ቤት አለ፣ ሰውም ያፍርበታል። መልሱ ግን ደስ ይላል፦ ይችላሉ፣ ማንበብ ባይችሉም ከልጅ ጋር መጽሐፍ መካፈል ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመ ጥናት ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ወላጆችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን እንደ ወትሮው ለልጁ ያነባል። ሌላው ቡድን ልጁን ይጠይቃል፦ "ይህ ምንድን ነው? ምን እያደረገ ነው? ለምን?" ልጁ የመለሰውን ደግሞ ትንሽ ጨምሮበት ይመልስለታል። ከ1 ወር በኋላ የሁለተኛው ቡድን ልጆች በንግግር ችሎታ በወራት ቀድመው ተገኙ። ልጆቹ ገና 2 እና 3 ዓመት ያልሞላቸው ጭምር ነበሩ፣ ፊደል የሚባል ነገር አያውቁም። ለውጡን ያመጣው ጥያቄው ነው።

ለመጠየቅ ደግሞ ማንበብ መቻል የግድ አይደለም። እናት ሥዕሉን አይታ "ይህች ሴትዮ ምን ተሸክማለች?" ትላለች። ልጁ "ገብስ" ይላል። "ወዴት ነው የምትወስደው?" አለቀ፣ ወሬው ተጀመረ። "ለምን?" በሉ፣ ወይም "ማሊፍ?" በሉ፤ ቤት ውስጥ በሚወራው ቋንቋ ይሁን። ልጁ ማንበብ ሲጀምር ደግሞ እሱ ያነባል፣ እናት ትሰማለች፣ ያልገባትን ትጠይቀዋለች። ለእናቱ የሚያስረዳ ልጅ እንዴት እንደሚኮራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ለነገሩ ተረት ለመንገር የባሌ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። የአያት፣ የአኮ ኦዱ ዱሪ አለ፤ በአማርኛ የሚያወራው ቤት "ተረት ተረት" ሲል ልጆቹ "የላም በረት" ይላሉ፤ እንቆቅልሹ አለ፣ ሂቦው አለ። የአገሪቱን ልጆች ሁሉ በቴሌቪዥን ተረት ያስተኙት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ራሳቸው የባሌ ልጅ ናቸው፣ በ1915 ዓ.ም እዚሁ ባሌ ውስጥ ነው የተወለዱት። የቲያትር ሰው ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ሴት ተዋናይ ስላልነበረ የሴት ገጸ ባሕርይም ይጫወቱ ነበር። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን "ልጆች!" እያሉ አጫውተው በ2009 ዓ.ም ሐምሌ አረፉ። የተረት መጻሕፍትም አሳትመዋል። ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፣ ድምፃቸውን አሁንም ያስታውሱታል። ስለዚህ መጽሐፉን ስታነቡ አታፍሩ፤ ጅቡን እንደ ጅብ፣ ጥንቸሏን እንደ ጥንቸል አድርጋችሁ አንብቡት። ባሌ ውስጥ ይህ የቆየ ሙያ ነው።

ሁለት ፊደል ያለበት ቤት

ሮቤና ጎባ ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ምክሮች የማይነኩት። ልጁ ትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞን የሚማረው በቁቤ ነው። አማርኛን በፊደል ይማራል። እንግሊዝኛ ደግሞ እንደ ቁቤ በላቲን ነው፣ ግን ድምፁ ይለያያል። "ኤክስ" የምትባለው ፊደል በቁቤ "ጠ" ናት፣ "ሲ" ደግሞ "ጨ" ናት። ቁቤ ያልተማረ ታላቅ ወንድም እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብሎ ለታናሹ ሊያነብ ሲሞክር ታናሹ በሳቅ ይወድቃል። ይህ ክፉ አይደለም፣ እንዲያውም ታናሹ ያስተምር።

የአያቶች ነገር ሌላ ነው። በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ነበር የተማሩት፣ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ፣ ሁሉም ግን የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በዘመቻው ማንበብ የቻለች አንዲት አኮ ቋንቋው የራሷ ሆኖ ሳለ የልጅ ልጇ መጽሐፍ በቁቤ ስለሆነ ማንበብ አትችልም። ማንበብ ሳያቅታት ፊደሉ ተቀየረባት። ሁለቱ ግን አንድ መጽሐፍ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፦ ልጁ ያነባል፣ አኮ የቃሉን ትርጉም ትነግረዋለች፤ ልጁ የማያውቃቸው የድሮ የእርሻና የከብት ቃላት እሷ ጋ ናቸው።

ጮክ ብሎ ማንበብ ለምን እንደሚያስፈልግ ከአማርኛው ደግሞ እንይ። "ገና" የሚለውን ቃል አንብቡ። በዓሉ ነው ወይስ "ገና አልመጣም" የሚለው? "ዋና" ስንል ወንዝ ውስጥ ነው ወይስ ዋና ከተማ? "ሽፍታ" ጫካ የገባው ነው ወይስ ቆዳ ላይ የሚወጣው? ፊደሉ መጥበቅና መላላቱን አያሳይም፤ የሚለየው ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው የሰማ ሰው ነው። ቁቤ ይህንን ፊደሉን በመድገም ያሳያል፣ ስለዚህ ከቁቤ ወደ አማርኛ የሚመጣ ልጅ ምልክቱን ፈልጎ ያጣዋል። ቤቱ አማርኛ የማይወራ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ይህ ልጅ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብለት የሚፈልገው ስለሰነፈ አይደለም፤ ግማሹ ቃል ወረቀቱ ላይ ስለሌለ ነው።

ስልኩስ?

አሁን ወደ እናንተ መጣን። ከጎባ ወይም ከሮቤ ሱቅ የልጆች መጽሐፍ ካጣችሁ ስልካችሁ ላይ አለ፣ በነፃ።

አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል ፕሮጀክት አለ። ሳይዴ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ያስጀመረው። ሥዕል ያላቸው አጫጭር የልጆች ታሪኮች በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች አሉት፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ አሉበት፣ መተግበሪያም አለው። ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ የሚባለው ደግሞ በ2010 ዓ.ም ሚያዝያ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው የተመረቀው፤ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተዘጋጁ የልጆች መጻሕፍት አሉበት። ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ የሚባሉትም አሉ፣ አንዱ ገጽ ላይ እንግሊዝኛና አማርኛ ወይም እንግሊዝኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን የሚመጣባቸው።

አጠቃቀሙ ላይ ትንሽ እንበል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ አውርዱና ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ለማንበብ ዳታ አይፈልግም፣ ለጓደኛም በዜንደር ይላካል። ከልጁ ጋር ስታነቡ ዳታውን አጥፉት፤ በታሪኩ መሃል የቴሌግራም መልእክት ሲመጣ ልጁ ሳይሆን እናንተ ናችሁ የምትጠፉት። ስልኩን ለልጁ ሰጥታችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ በ2 ደቂቃ ውስጥ ጌም ላይ ነው፣ ይህን ማንም ያውቀዋል። ስልኩን የምትይዙት እናንተ፣ ገጹን የሚገልጠው ልጁ ይሁን። ከሁሉ የተሻለው ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ በጥቁርና ነጭ ማተም፣ ግማሽ አጥፎ በስቴፕለር መምታት ነው። ልጁ ራሱ ቀለም ይቀባበት። እንዲህ የተሠራ መጽሐፍ ቢቀደድ ማንም በሞዴል 19 አይጠየቅም።

"ማተም ይፈቀዳል ወይ?" ለምትሉ፦ ከላይ የጠቀስናቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባል ፈቃድ የወጡ ናቸው። የደራሲውንና የሠዓሊውን ስም እስካልሰረዛችሁ ድረስ መቅዳትና ማደል ይቻላል፣ ፈቃዱ ከፈቀደ መተርጎምም። ፈቃዱ መጽሐፉ ላይ ስለሚጻፍ አንብቡት። የአገር ውስጥ ደራሲ ለሽያጭ ያሳተመውን የልጆች መጽሐፍ ፎቶ አንስቶ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ይከለክለዋል፤ የደራሲው መብት በሕይወት እያለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ በአገራችን የልጆች መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ስንት ነው? ያሉትን ጥቂቶች ከገበያ ካስወጣናቸው ለማን ነው የምናማርረው?

የመጻፍ ነገር ከተነሳ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን እናንሳ። የነገሌ ቦረና ልጅ ናቸው፣ ከባሌ በስተደቡብ ማለት ነው። የትምህርት ቤት ያልሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነው። በኋላ ተሰደው አሜሪካ ገቡ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠሩ። መደርደሪያው ላይ የብዙ አገር ቋንቋ ሲኖር አማርኛ አጡ። ስለዚህ ራሳቸው ጻፉ፤ "ቂሉ ማሞ" በአማርኛና በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት 15 ሺህ ያህል መጻሕፍት ይዘው መጥተው አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ ከዚያም ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ የሚዞር ቤተ መጻሕፍት ጀመሩ። ሲኤንኤን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ 10 ጀግኖች አንዱ ብሎ መርጧቸዋል። የአህያው ጋሪ ነገር ለእኛ ከሽልማቱ ይበልጥብናል። አህያና ጋሪ ሮቤም አለ።

ለባሌ ልጅ የባሌ ታሪክ

እንግዲህ እናንተስ? ስለ በረዶ ሰውና ስለ እንጆሪ የሚያወራ መጽሐፍ ልጁ ይሰማው ይሆናል፣ ግን ከደጃፉ ያለውን ሲያገኝ ፊቱ ይለወጣል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። ዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው። የሚያድነው ትልቁ ፍልፈል ደግሞ ከባሌ ውጪ የትም የለም። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሣር ይሰበስባል፣ ቀበሮው አድፍጦ ይጠብቃል። ይህ ብቻውን ታሪክ አይደለም እንዴ? ማን ያመልጣል ብሎ የማይጠይቅ ልጅ የለም።

የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሮቤ ላይ ጣቢያ አለው፣ በአካባቢው ትምህርት ቤቶችም ያስተምራል። ተራራው በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሐረና ጫካ፣ ሶፍ ዑመር ዋሻ፣ የሲናና የስንዴ ማሳ ከነኮምባይነሩ፣ ሁሉም ሥዕል ሆኖ የሚወጣ ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክ ላይ ማንም ሰው ተመዝግቦ የራሱን ታሪክ መሥራት ይችላል። በ10 ገጽ፣ በየገጹ አንድ ወይም ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ አንዱን በአማርኛ አንዱን በአፋን ኦሮሞ። ሥዕል የሚችል ጓደኛ ፈልጉ። የሰማችሁትን የአኮ ተረት ከጻፋችሁ ደግሞ ከማን እንደሰማችሁት በስሟ ጥቀሱ፣ ፈቃዷንም ጠይቁ። ተረቱ የሷ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤት ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲዘጋ መጽሐፉም አብሮ ይቆለፋል፤ ልጁ እስከ መስከረም ምንም አያነብም፣ የያዘውንም ይረሳል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን ማናገር የሚሻለው በግንቦት ነው፣ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሳያጣድፋቸው። ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ መታወቂያ ያዙ፣ 20 መጽሐፍ ለክረምት በፊርማ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ቦታ ደግሞ የአንዳችሁ ግቢ ይበቃል፤ ዝናቡ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልጆቹን ሰብስቡ።